ጠፋ የተባለው አሥራ አምስት ሊትር ናፍጣ

አባቴ ሞተረኛ ነበር። ሰውና ዕቃ ወዲያ ማዶ የምታደርስ አንዲት የናፍጣ ጀልባ ሆድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እኔ ልጁ ነኝ፤ ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የማያዳላ ወሬ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ያቺ ጀልባ ስንት እንደምትጠጣ ከአባቴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ደርሶ መልስ ሠላሳ ሁለት ሊትር፤ ነፋስ ከፊት ከመጣ ሠላሳ አምስት። የሚለካው ራሱ ጠርቦ ምልክት ባወጣለት ዘንግ ነው። ጠዋት ዕቃ ሳይጫን ዘንጉን በታንከሩ አፍ ይሰደዋል፣ እርጥቡ የደረሰበትን ያያል፣ በጨርቅ ጠርጎ ደግሞ ይሰደዋል። ማታም ጀልባዋ ተራግፋ እስክታበቃ ይጠብቃል። "ባዶ ለባዶ ነው የሚለካው" ይል ነበር። እናቴ ደግሞ "እኛንም እንደ እሷ በየቀኑ ብትለካን መክሳታችንን ባወቅህ ነበር" እያለች ታበሽቀዋለች።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ወደቡ ሁሉ ክራቫት ነው የሚለው፤ በዚያ ሙቀት አንገቱን አንቆ ይመጣ ነበርና። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ "እዚህ ናፍጣ ይሰረቃል" አለና እኔ ራሴ እለካለሁ ብሎ ተነሳ። ከቢሮው ወጥቶ የደረሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሲሚንቶው፣ ጆንያው፣ ቆርቆሮው ሁሉ የጀልባዋ ኋላ ላይ ተቆልሏል። ለካ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሳ ስትራገፍ ደግሞ ለካ። ሲቀንሰው አርባ ሰባት ሊትር መጣ።

"አሥራ አምስቱ የት ገባ?" አለ ሰው ሁሉ ፊት።

አባቴ ረጋ ብሎ አስረዳው። "አለቃ፣ ስትጫን ኋላዋ ይሰምጣል። የታንከሩ አፍ ደግሞ ኋላ ነው። ናፍጣው ወደዚያ ይሄድና ዘንጉ ላይ ከፍ ብሎ ይታይዎታል። ስትራገፍ ቀጥ ትላለች፣ ናፍጣውም ይመለሳል። የጎደለ ነገር የለም።"

"ናፍጣው እግር አለው?" አለ ክራቫት።

ሳቁ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረውት የሠሩትም ሳቁ።

እንግዲህ በአንድ ቀን ልኬት የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ ወደቀ። አባቴ ከሞተሩ ወጥቶ ወደቡ ላይ ገመድ አሳሪ ተደረገ። በቦታው የገባው ማን ይመስላችኋል? የክራቫት ታናሽ ወንድም። "ልኬት ጠዋት በሦስት ሰዓትና በመመለሻ ጊዜ ይወሰዳል" የሚል ደንብም በክራቫት ፊርማ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን የለካ የለም። ሌባው ተይዟል፣ ምን ይለካል?

እኔ ትምህርት ቤት "የናፍጣ ሌባ ልጅ" ሆንኩ። ባለሱቁ አባቴ ሲገባ ዓይኑን ከዕቃው ላይ አይነቅልም ነበር። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታማ ሞተችብን፤ ቀብሯ ላይ እንኳ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። አባቴ ምንም አይልም። ጀልባዋ ስትመጣ ገመድ ይቀበላል፣ ስትሄድ ገመድ ይወረውራል። ዝምታው ያናድደኝ ነበር። በቁሙ ሞቷል ብዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

በአራተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አለኝ።

"ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፊ።"

"የክራቫት ወንድም ይሰርቃል ብዬ?"

"እንዳትዪ! ልጁ አይሰርቅም። 'ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ደንብ መሠረት የጀልባዋ የናፍጣ ፍጆታ ይለካ' በይ። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።"

ጽፌ ጨርሼ ቀና ስል ገባኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ሞቷል ስል እሱ ሲያሰላ ነው የከረመው።

ተቆጣጣሪ ተላከች፤ መነጽር ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት። እኔ ያን ቀን ከሥራዬ ቀርቼ ወደቡ ላይ ዋልኩ። ደንቡን ከግድግዳው አነበበች፣ በሦስት ሰዓት ለካች፣ በመመለሻው ለካች። አርባ ሰባት።

"አሥራ አምስት ሊትር ጎድሏል" አለች።

ታናሽየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። "እናቴ ትሙት አልወሰድኩም!"

ክራቫት ወዲያ ወዲህ ሲያይ ዓይኑ ገመድ ይዞ የቆመው አባቴ ላይ አረፈ። "እሱ ያውቃል፤ እሱ ይንገርዎት።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ አባቴ። "በዚህ ወደብ ሌባ ተብዬ የተጻፍኩ ሰው ነኝ። አንተ ንገራቸው። የዚያን ቀን የነገርኩህን አንድ ሳታስቀር በራስህ አፍ በል።"

አንተ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ክራቫት ያንን ቢናገር ወንድሙ ይድናል፣ ግን አባቴም ይነጻል። ዝም ቢል ወንድሙ ሌባ ይሆናል።

"ሕግ ሕግ ነው" አለ በመጨረሻ። "ወንድሜም ቢሆን ይጠየቃል።"

ይህን ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። ታናሽየው ወንድሙን ለረጅም ጊዜ አየውና ወደ ሴትየዋ ዞረ። "እኔ ልናገር። የዚያን ቀን ወንድሜ አጠገብ ቆሜ ነበር። ይህ ሰውዬ ሁሉንም ነግሮታል። እኔም ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ።" የነገረውንም እንዳለ ደገመላት። እሷም ጆንያውን መልሳ ኋላ ላይ አስጫነች፤ ዘንጉ ላይ አራት ጣት ከፍ አለ። አስራገፈች፤ አራት ጣት ወረደ። ማንም አልሳቀም። ትኬት ቆራጯ "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" ስትል ክራቫት ሰምቷታል፤ እንዲሰማ ነው ያለችው። በሳምንቱ ከኃላፊነቱ ተነሳ፣ አባቴም ወደ ሞተሩ ወረደ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ብቻዬን ዘፈንኩ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ክራቫት ራሱ ቤታችን መጣ፤ ያለ ክራቫት። ቁጭ በል ያለው ሰው ስለሌለ እንደቆመ ተናገረ። "ሥራዬም ሄደ፣ ወንድሜም አያናግረኝም። ይቅር በሉኝ።"

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

"የዚህች እናት ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'አሁን ማንም አይሰማንም፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ወስደሃል?' አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። አልወሰድኩም አልኳት። ዓይኗን አየሁት፤ አላመነችኝም።"

ይህን ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

"እሷ ጋ ሂድ" አለው። "እሷ ይቅር ካለችህ ተመልሰህ ና።"

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ "በሩን ክፈቺለት" አለኝ። ከፈትኩለት።