ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው

ሲመጡብኝ ሱቃችን ውስጥ የተምር ካርቶን እየደረደርሁ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ግሽ አባይ ሰፈር ያለችው ሱቃችን ከዚያ ሰሞን የበለጠ ገበያ አታይም። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ስልኬን ተቀበለኝና ወንድሜ የላከልኝን አንድ ጽሑፍ አሳይቶ «ይሄን ለማን ለማን አስተላለፍሽ?» አለኝ። ለማንም አላስተላለፍሁም። እኔ ግን ያልሁት «እጄን ልታጠብ» ነው፤ በተምር ተጨማልቆ ነበራ! ሰው ሲደነግጥ የሚናገረውን አያውቅም። አልፈቀዱልኝም።

ያሰሩን ከጣና ዳር ብዙም የማይርቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ነፋሱ ሲዞር የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። አጠገቤ የሚተኙት ከቆላ ድባ የመጡ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ስልሳን ያለፉ፣ ልጅዎ ጫካ ገብቷል ተብለው የታሰሩ። እሳቸው ሁዳዴን ይዘዋል።

እኔ ደግሞ ካለፈው ረመዳን የሁለት ቀን ጾም ይቀረኝ ነበር። የወር አበባዬ መጥቶ የፈታሁት ሰባት ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቀዷውን፣ ያመለጠኝን ጾም ማካካሻ፣ ቀስ እያልሁ ሳወጣ ከርሜ፣ እንደ ልማዴ የመጨረሻዎቹን ከረመዳን በፊት ላለው ወር፣ ለሻዕባን፣ አሳድሬያቸዋለሁ። አዲሱ ረመዳን ሳይገባ ካላለቁ በስንፍናዬ ተጠያቂ ነኝ። ስለዚህ በታሰርሁ ማግስት በልቤ ኒያዬን አድርጌ ጾምሁ።

ምግብ ከቤት የሚገባልን በቀን አንዴ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍት ፀሐይ ለምትጠልቅበት ለመግሪብ አስቀምጠዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠባቂዋ አየችው፤ ሄደች፤ ተመልሳ «ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ ተነሽ» አለችኝ።

መርማሪው ወረቀት ዘርግቶ ነበር የጠበቀኝ።

«የረሃብ አድማውን ከማን ጋር ነው የጀመርሽው?»

ክው አልሁ። «የምን አድማ? ጾመኛ ነኝ።»

በር ላይ ወደቆመው ጎልማሳ ፖሊስ ዞረ። «አንተ ሙስሊም አይደለህ? ረመዳን ገብቷል?»

«አልገባም። ጨረቃ የሚጠበቀው ዛሬ ማታ ነው» አለ ፖሊሱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። የቀዷ ጾም መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን አውቆ አፍሮ፣ ዛሬም አላውቅም።

«በይ እዚሁ ፊቴ ብይ» አለ መርማሪው። «ካልበላሽ ከነገ ጀምሮ ለክፍሉ በሙሉ ከቤት ምግብ አይገባም።»

እኛ ቤት የወር አበባ ነገር አይወራም። በረመዳን ቀኔ ሲደርስ ኩሽና ዘግቼ እበላለሁ፤ ሌሊት ለሱሁር ምግብ ከሁሉም ጋር ተነስቼ የምጾም እመስላለሁ። ባሌ ያውቃል፤ በሃያ ዓመት ትዳር ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ታዲያ ለዚህ ሰው ልንገረው? እሱ ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ፦ «ምክንያቷን ለመግለጽ ፈቃደኛ አይደለችም።»

ክዳኑን ራሱ ከፈተው። ሩዝ በሥጋ ነበር። አሥሩ ሴቶች ታወሱኝ፤ እጄን ዘረጋሁ። የነካሁት ግን ክዳኑን ነው። መልሼ ገጠምሁት።

«ይጻፉልኝ» አልሁት። «የወር አበባዬ መጥቶ የፈታሁት ጾም ነው። ሰባት ቀን ነበር፤ ዛሬ ያልቃል።»

ከሱ ይልቅ የደነገጥሁት እኔ ነኝ። ድምፄ የሌላ ሴት ነበር የመሰለኝ። እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ... ይሄ እንዴት ተብሎ ይጻፋል?»

«እንደነገርሁዎት።»

ወረቀቱን ገለበጠውና ጠባቂዋን «ውሰጃት» አላት።

ወደ ክፍሉ ተመለስሁ። የሆነውን ስነግራቸው የቆላ ድባዋ እናት ሳቁብኝ።

«ታዲያ ይህ ምን ያሳፍራል ልጄ? እኔስ ስንቱን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ያስቀደስሁት በምን ኖሯል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። በመግሪብ አዛኑ ከሩቅ ሲሰማ እሳቸው ውኃውን አቀበሉኝ። ጾሜ አለቀ። በማግስቱ ረመዳን ገባ፤ የሁሉም ምሳም እንደወትሮው ገባ።

ከአርባ ቀን በኋላ በዋስ ሲለቁኝ ቃልሽን ሳትፈርሚ አትወጪም ተባልሁ። አነበብሁት። ለማን ለማን እንዳስተላለፍሁ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተዘርዝረዋል፤ ሦስት ገጽ። መጨረሻው ላይ ያችው ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ምክንያቷን ለመግለጽ ፈቃደኛ አይደለችም።» እንደገና ክው አልሁ። ሐሰቱን ሁሉ ሳይሳቀቅ የጻፈ ሰው፣ እውነቷን ለመጻፍ አፍሯል። እስክሪብቶውን ተቀበልሁና ከሥሯ በራሴ እጅ «ምክንያቴን ተናግሬያለሁ። የወር አበባ ቀዷ ጾም ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ፈረምሁ።

አሁን ቀዷዬን ለሻዕባን አላሳድርም፤ ዒድ እንዳለፈ እጨርሳለሁ። ያ ወረቀት ግን አንድ መደርደሪያ ላይ መኖሩ አይቀርም። አንድ ቀን አንዱ አውጥቶ ሲያነበው ይደነግጥ ይሆናል። ይደንግጥ።