እጃቸው እስከ ክርን

አጎቴ እህል በረንዳ ጤፍ ሲገዙ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተው አያምኑም ነበር። እጃቸውን እስከ ክርን ከተው ከሥር ዘግነው ያያሉ። ሰውንም የሚያዩት እንደዚያው ነው።

በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ እንሰበሰብ ነበር። ልጄ የወንጌል አገልግሎት ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ፣ ለእሁድ እንዲያስተምር ፈለግሁ። ፈቃጁ ሽማግሌ ግን አጎቴ ናቸው።

«ባሏ የታሰረባት ጎረቤታችን እንዴት ናት?» አሉት።

«ገና አላየኋትም፣ አባባ።»

«ከመጣህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ሳምንት ሆነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የሚያስተምሩህ?»

ማሾፋቸው አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። ልጄ ግን በማግስቱ የሴትዮዋን ስንቅ ተሸክሞ አብሯት እስር ቤት ሄደ። ወር ሙሉ ከተመላለሰ በኋላ አጎቴ ራሳቸው «አሁን ያስተምር» አሉ።

እሳቸው ያረፉ ሰሞን ሌላ ተመራቂ መጣ። ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶ ስለነበር የእሳቸውን ጥያቄ ልጠይቅ የተነሳሁት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ባል ግን ገና አልተፈታም፤ እኔም ሚስቱን ካየኋት ወር አልፎኛል።

«ና፣ አብረን እንጠይቃት» አልኩት።