የንግሥቲቱ እጅጌ

ሰፈሩ «ጥልፌ» ይላታል። መርፌ ከእጇ ስለማይለይ በልጅነቷ የወጣላት ስም ነው፤ ዛሬ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ወጣት ሳለች በአንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጠርዝ ታጥፍ ነበር። አንድ ጠዋት አጠገቧ የምትሠራው ጓደኛዋ ሻይ ልታፈላ ጎንበስ ስትል የናይለን ቀሚሷን እሳት ያዘው። ጨርቁ እንደ ጥጥ ነድዶ አመድ አልሆነም፤ ቀለጠና ገላዋ ላይ ተጣበቀ። ጓደኛዋ ተረፈች፤ ጩኸቷ ግን ከጥልፌ ጆሮ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ምድጃ አጠገብ በቆመች ቁጥር እጅጌዋን እስከ ክንዷ ትሰበስባለች።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ቲያትር ትለማመዳለች። አንድ ቀን እየሮጠች ገባች።

«እማ፣ ንግሥት ሆንኩልሽ!»

«የት አገር?»

«የድሮ ንግሥት፣ የግንብና የፈረሰኛ ዘመን። እጅጌው እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ከኋላ በገመድ የሚታሰር ቀሚስ ስፊልኝ።»

«ቀሚስ ነው ድንኳን የምሰፋልሽ?» አለች ጥልፌ፤ ግን ዓይኗ በርቶ ነበር።

የልጅቷ አክስት ቤቷን ስታድስ ያወረደችው፣ ጥጥ ነው ብላ የሰጠቻት ቀይ የከፋይ መጋረጃ ነበር፤ እሱን ዘረጋችው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጅጌውን እንደ መለከት አፍ ሰፋ አድርጋ ቆረጠች፤ ጀርባው ላይ ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በክር ከፈፈች። ልጅቷ ለልክ ስትዞር እጅጌው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ጠርጎ ጣለው። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ደግሞ መብራት አይኖርም» አለች ልጅቷ። «ሁሉም በሻማ ነው። የምለኩሰውም እኔ ነኝ።»

ጥልፌ ሳቋን ዋጠች። «የእውነት ሻማ?»

«አይ እማ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብሽ እኮ።»

ጥልፌ በፍርሃቷ አፈረችና መርፌዋን አነሣች።

የትርኢቱ ዕለት ልጅቷ ቀሚሱን በቦርሳ ይዛ ቀድማ ወጣች። ጥልፌ ከተረፈው ቁራጭ የራስ ማሰሪያ ሠርታ ልትከተላት ካውያውን አጋለችው። ከፋይ ጠጉሩ እንዳይተኛ ብላ ቀሚሱን የተኮሰችው በውስጥ በኩል፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ነበር፤ አሁን ግን ስለቸኮለች ቁራጩን በቀጥታ ተጫነችው። ካውያው ያዘ። ስታነሣው ጨርቁ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ሽታው አፍንጫዋን መታው።

ክው አለች።

ክብሪት ጭራ የቁራጩን ጫፍ ለኮሰች። ጥቁር ጠብታ እየነደደ ጠብ አለ። ጥጥ ብላ የሰፋችው ናይለን ኖሯል። የፈሩት ይደርሳል ይሏል ይህ ነው! በገዛ እጄ፣ ለገዛ ልጄ፣ አለች በልቧ።

ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። የካውያውን ገመድ ነቅላ በነጠላ ጫማዋ እግሬ አውጪኝ አለች። መንገዱ አላልቅ አላት። መኪና ጥሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችም። የምትሰማው ያንን የፋብሪካውን ጩኸት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን በልጇ ድምፅ።

«ትኬት፣ እናቴ?» አላት የአዳራሹ ዘበኛ።

«ልጄ ልትቃጠልብኝ ነው!» ገፍታው ገባች።

አዳራሹ ጨለማ ነው። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የሻማ ረድፍ። ንግሥቲቱ ዳር ያለውን ሻማ ለመለኮስ አንድ እጇን ዘርግታለች፤ የሌላው እጇ እጅጌ ከበሩት ሻማዎች በላይ ይወዛወዛል። ጥልፌ በወንበሮቹ መካከል ሮጠች። የመድረኩን ደረጃ ወጣች።

«እማ?» አለች ንግሥቲቱ፣ ቃለ ተውኔቷ ጠፍቷት።

ጥልፌ ሁለቱንም እጅጌዎች ሰብስባ ደረቷ ላይ አቀፈቻቸውና ሻማዎቹን እፍ፣ እፍ እያለች ታጠፋ ጀመር። ተመልካቹ የቲያትሩ ክፍል መስሎት በሳቅ አውካካ።

«ምን ሆነሻል? አዋረድሽኝ እኮ!» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ናይለን ነው። ናይለን ነው፣ ልጄ።»

አዘጋጁ ሮጦ መብራት አበራ። ያኔ ልጅቷ እጅጌዋን አየች። ጫፉ ላይ ባቄላ የምታህል ጠቁራ የተኮማተረች እብጠት ነበረች። እሳቱ ነክቶት፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሳይያያዝ አልፏል። ልጅቷ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ዘውዷን እንደደፋች መድረኩ ወለል ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች፣ የእናቷን እግር አቅፋ።

ቲያትሩ የቀጠለው በመብራት ነው። ጥልፌ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አንዲት ቃል አልሰማችም።

ሁለተኛውን ቀሚስ ከጨርቁም ከክሩም ቁራጭ አቃጥላ ፈትና፣ ከጥጥ ሰፋችው። እጅጌው ጠበበ ብላ ልጅቷ ብታጉረመርምም የሰማት የለም። አዘጋጁ በባትሪ የሚበራ ሻማ ገዝቷል። ጥልፌ ግን ትርኢት ባለ ቁጥር ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆማለች። የማያውቋት ወለል የምትወለውል ሴት ትመስላቸዋለች፤ «እናቴ፣ እዚህ ጋ ፈሷል» ይሏታል። የእሷ ዓይን ግን ከልጇ እጅጌ ላይ አይነሣም።