የሎሚ ተቀባይ

ድርቤ ነቀምቴ በሚገኘው የሚሲዮን ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ባሏ በላይ ከጎጃም የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር እሷን ትቶ እማዋይሽ የምትባል ሴት አገባ። ሲለያዩ የተቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ልጃቸው ሎሚ ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷ ዘንድ ሄዳ እንድትማር ወሰኑ። ድርቤ ያኔ እሺ ያለችው ቀኑ ሩቅ መስሏት ነው።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ በላይ «ልጄን በአውሮፕላን ብቻዋን ላክልኝ» ብሎ ለተረፈ ጻፈ። ተረፈ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬትም በውክልና ይቆርጣል። ከበላይ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር።

ድርቤን ሱቁ ድረስ አስጠርቶ አቆማት። ሦስት ደንበኛ ሸኝቶ ሲያበቃ አንድ ቅጽ አወጣ።

«ነይ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ አሳርፊ።»

«ምን ይላል?»

«ልጅ ብቻዋን ስትሄድ የሚሞላ ነው። ላኪ አንቺ፣ ተቀባይ እዚያ። ሌላ ምን ይላል?»

ድርቤ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ልጅ ሆና ሚሲዮን ትምህርት ቤት በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበቧን ተረፈ አያውቅም። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ተቀባይ፦ ወይዘሮ እማዋይሽ። ዝምድና፦ እናት» ይላል።

«አቶ ተረፈ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ልዩነት አለው? ከእንግዲህ የምታሳድጋት እሷ ናት።»

«እስከ ዛሬስ ማን አሳደጋት?»

«እዚህ ሸንጎ አይደለም። ጣትሽን አሳርፊና ሂጂ፤ ነገ ዳኮታው አውሮፕላን ይመጣል።»

«ስማ አንተ» አለችው። አንቱታው እዚያው ላይ አበቃ። «ልጄን በውሸት ወረቀት አልሰጥም። ተቀባይ አባቷ ብለህ ጻፍ። እሱ ራሱ ካልመጣ በዚያው አውሮፕላን ትመለስ ብለህም ጨምርበት። አለዚያ አልፈርምም፣ እኔ ካልፈረምኩ ደግሞ አትጭናትም።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ገበያተኛ ሁሉ ያዳምጣል። ተረፈ ቅጹን ቀደደው። «ፊደል ቆጥረሽ ጠገብሽ» እያለ አዲስ ጻፈ። ድርቤ በብዕር ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች።

በማግስቱ ከብቶቹ ከሜዳው ተባረው አውሮፕላኑ አረፈ። አስተናጋጅዋ ወረቀቱን ሎሚ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ድርቤ እንባዋን ዋጠችው፤ ተረፈ እያያት ነበርና።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ሲመለስ ሎሚ አስተናጋጅዋ እጅ ላይ ተንጠልጥላ ወረደች።

«አባትየው አልመጡም» አለች አስተናጋጅዋ። «ሴትዮዋ ነበረች። ወረቀቱ አባት ብቻ ስለሚል አልሰጠናትም።»

ድርቤ ዞር ብላ ተረፈን እስኪያቀረቅር ድረስ አየችው። እንዲህ ደስ ያላት ቀን አልነበረም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሎሚ እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ፣ «ሃርሜ፣ እማዋይሽ እኮ አለቀሰች» አለቻት። «ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ደህና ሰው ናት።»

ድርቤ የልጅቷን እጅ ለቀቀችና ቀድማት ሄደች።

በሳምንቱ በላይ አቧራ ለብሶ በመኪና መጣ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት ከበራፍ።

«መምጣት ትችል ኖሯል» አለችው፤ የልጅቷንም ልብስ በጨርቅ እንደተቋጠረ ወረወረችለት። ሎሚ እናቷን አቅፋ አልለቅ ስትል አላቅቆ የወሰዳት እሱ ነው።

ድርቤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አንሶላ አጠበች። ሎሚ በየወሩ ትጽፍላታለች፤ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ አባቷ ቁጣ። ስለ እማዋይሽ ግን አንድም ቃል ጽፋ አታውቅም፤ ድርቤም አትጠይቃትም።