እናና ያለችው በሆነ ጊዜ

ራዲዮ ጣቢያ እስኪያገኝ የሚያሰማው ሽርርታ ዛሬም ጆሮዬ ሲገባ ተነሥቼ ራዲዮውን አጠፋዋለሁ። ሰው ሁሉ የልጅነቱን ራዲዮ በናፍቆት ሲያነሣ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያቺ የጎረቤታችን የወይዘሮ ደብሬ ጠጅ ቤት ራዲዮ ምነው ገና ስትገዛ ወድቃ በተሰበረች እላለሁ።

ቤታችን ብቸና ነበር። አባታችን መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ታላቅ እኅቴን እናናን እንደ እኩዮቿ ቶሎ አልዳሯትም፤ የትምህርት ፍቅሯን አይተው «ስምንተኛን ካለፍሽ ደብረ ማርቆስ እልክሻለሁ፤ አስተማሪ ትሆኛለሽ» ብለው ቃል ገብተውላት ነበር። እሷም ያንን ቃል ይዛ ትኖር ነበር፤ ውኃ ስትቀዳም ሽንኩርት ስትልጥም ከንፈሯ የእንግሊዝኛ ቃል ያነበንብ ነበር።

በጋ ገብቶ ሽምብራው ተነቅሎ ሲመጣ፣ እኛ ልጆች ከብበናት እየፈለፈልን ተረት እናስነግራት ነበር። የእሷ ተረት ጦጣና ጅብ አልነበረበትም። ከሐረር ተመድበው የመጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ፣ መምህር ኢብራሂም፣ ያዋሷትን ልቦለድ እያነበበች፣ ያልገባትን ከራሷ እየሞላች፣ ሰዎች በብረት ቤት ተዘግተው ጨረቃ ላይ ሲወጡ፣ መርከብ በባሕር ሆድ ውስጥ ሲሄድ ትነግረን ነበር። የወይዘሮ ደብሬ ልጆችም አጥር ዘለው መጥተው ሰምተው ለእናታቸው ያወሩላቸው ነበር። ወይዘሮ ደብሬ «የዚች ልጅ ውሸቷ እንኳ የተማረ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር፤ አባታችንም ፈገግ ከማለት በቀር ነገሬ አላሉትም። ውሸት በነበረ ጊዜ ማንንም አልጎዳም።

ሐምሌ ላይ፣ ዶፉን ሽሽት ጠጅ ቤቱ ውስጥ የተጠለለው ሰው፣ ያቺ ራዲዮ ስታንሿሽክ ቆይታ የሰው ልጅ ጨረቃን ረገጠ ስትል ሰማ። ወይዘሮ ደብሬ ብርሌ እንደ ያዙ «የመሪጌታ ልጅ ብላው አልነበረም?» አሉ። በቃ። በማግሥቱ ከተማው ያወራው ስለ ጨረቃ ሳይሆን ስለ እኅቴ ነበር።

መስከረም ጠብቶ እናና ስምንተኛ ክፍል በገባች ሰሞን ወይዘሮ ደብሬ በቅሏቸው ጠፍታባቸው እኛ ቤት መጡ። «የጨረቃውን ያወቅሽ፣ የኔ በቅሎ ያለችበት ይጠፋሻል?» አሏት። እናና ሣቋ መጥቶ «ከገዙበት ቤት ሂዳ ይሆናላ» አለቻቸው። በቅሎዋ አምበር ከተማ፣ ከሸጠላቸው ሰው ደጅ ቆማ ተገኘች። ማንም ሰው ሊገምተው የሚችል ነገር ነበር፤ ግን ማን ይስማ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ያጣችው፣ ሙግት ያለበት፣ ከብት የሞተበት ሁሉ ዶሮ አንጠልጥሎ ደጃችን ይቆም ጀመር። የአባታችን የቅኔ ተማሪዎችም የመሪጌታ ቤት የጠንቋይ ደጅ ሆነ እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። አባታችን ይህን ሰምተው በኀፍረት ከሰው መቀላቀል ተዉ።

ከዚያ እናናን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ጠበል አስገቧት። መምህር ኢብራሂም ይህን ሰምተው ሊለምኑ መጡ።

«መሪጌታ፣ ልቦለድ እኮ ነው፤ ደራሲው በሐሳቡ የፈጠረው ነው» አሉ መምህሩ።

«ሐሳብ ከሆነ እንዴት ሆነ?» አሉ አባቴ።

«አንዱ አስቀድሞ ያስበዋል፤ ሌላው ኋላ ይሠራዋል።»

«ያልሆነውን ሆነ ማለት ሐሰት ነው። ሐሰቱ ደርሶ እውነት ሲሆን ግን ከማን እንደ መጣ አውቀዋለሁ። በል፣ ልጄን ተዋት» አሉ አባቴ።

እኚሁ ሰው በየቀኑ በቅኔያቸው ፀሐይን ከሰማይ አውርደው ሙሽራ ያደርጓት ነበር፤ ከየት አመጡት ያላቸው ግን አልነበረም። አሁን እንዲህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ በእሳቸው ፊት ማን ተንፍሶ።

ጥር ላይ ለሞጣ ሰው ዳሯት። በቅሎ ላይ ሊያወጧት ሲሉ «አባባ፣ ሁሉም ውሸት ነው ብዬ በደብሩ ልማልልዎት፤ ፈተናውን ብቻ ልፈተን» አለቻቸው። አባቴ ፊታቸውን አዞሩ። ይቅር አላልኋቸውም፤ ዛሬም ነፍሳቸውን ይማር የምለው ሰው ስላለ ነው።

ዓምና ሞጣ ሄጄ ከእናና ጋር ሰነበትሁ። የልጅ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ መጥታለች፤ በመዳፏ በያዘችው ስልክ ዓረብ አገር ካለች እናቷ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይሣሣቃሉ። ልጅቱ ያሻትን ታልማለች፣ ያለመችውን ጮክ ብላ ታወራለች፣ ጠበል የሚወስዳት የለም። እኔ በእኅቴ ዕድሜ ያልተፈቀደውን እያየሁ ደስታውም ቁጭቱም ተቀላቀለብኝ። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ልጅቱ ወደ አያቷ ዞራ «እምዬ፣ ከዚህ ወዲያ ደግሞ ምን የሚመጣ ይመስልሻል?» አለቻት።

እናና አስቀድማ በሩን አየች፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «እኔ ምንም አላልሁ።»