በማግሥቱ የማይነሳው ፓምፕ

ከነገሌ የወጣሁት ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ፍየል በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጨናንቄ ነው። ያን ሰሞን ወጣት እየተለቀመ ይታሰር ነበር፤ የእኔም ስም ተጠርቷል ተባለ። እናቴ በጓሮ በር ሸኘችኝ። አባቴ ግን ጎረቤት እንዳይጠረጥር ሱቁ ውስጥ ቀርቶ ስኳር ይመዝን ነበር። መኪናው በሱቁ ፊት ሲያልፍ ቀና አላለም፤ እጁ ግን ሚዛኑ ላይ ቆመ።

ሞያሌ ላይ ከገበያተኛ ሴቶች ጋር ተቀላቅዬ በእግሬ ተሻገርኩ። ድንበር ሲባል የሆነ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወዲህም ወዲያም አንድ አይነት አቧራ ነው!

ናይሮቢ ምድር ወገብ አጠገብ ናት ሲሉኝ እንደ ዶሎ ኦዶ የምታቃጥል መስሎኝ ነበር። እናንተ ሆዬ፣ ሐምሌ ላይ ብርዷ አጥንት ይገባል። ምግባቸው ኡጋሊ ደግሞ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ማለት ነው። ቤት ፍለጋ ስዞር ያገኘኋት አከራይ፣ ማማ ዋንጂሩ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"ሯጭ ነሽ?"

"ብሮጥማ በመኪና አልመጣም ነበር።"

"ጥሩ። ሯጮች በጨለማ ተነስተው በር ያንጓጓሉ። ነገ ሳ ታቱ ነይና ቁልፍሽን ውሰጂ።"

ሳ ታቱ ሦስት ሰዓት ነው። የማን ሦስት? እንደ ፈረንጅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እንደኛ ከሆነ ጠዋት። በጠዋቱ ብሄድ ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው! የዚያን ቀን ከተማዋ ትንሽ ዘመዴ መሰለችኝ።

በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ ስለነበረኝ ኪማኒ የሚባል ሰው ወርክሾፕ ውስጥ በሙከራ ተቀጠርኩ። ኪማኒ በፀሐይ ኃይል ለሚሠሩ የውኃ ፓምፖች መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ሰዓት የምትቆጥር ቺፕ አለች፤ ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ፓምፑን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰሜን ኬንያ፣ ከቦረናዎች የውኃ ጉድጓድ ስልክ ተደወለ። ኦሮምኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኪማኒ ስልኩን ወደኔ ወረወረው።

"አካም፣ ናጋ? የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ አባ ጂሎ የሚባሉ የጉድጓዱ ኃላፊ።

"ናጋ አባባ። የነገሌ ልጅ ነኝ። ማሽኑ ምን ሆነብዎት?"

"መጀመሪያ ቀን በጠዋት ተነሳ። በማግሥቱ ተኛ። ሳጥኑን ከፍተን ገመዱን ነቅለን ስንመልሰው አሁንም ለአንድ ጠዋት ይነሳል፣ ከዚያ ይተኛል። የሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ከተማ ነው የሚኖረው፤ እሱ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ። ከብቱ ባዶ ገንዳ እየላሰ ነው ልጄ።"

ለኪማኒ ነገርኩት። "እረኞቹ ነካክተውት ነው" አለ።

"ቢነካኩትማ አንድ ጠዋት ሠርቶ አይተኛም።"

"እንግዲያው ምክንያቱን ፈልጊ። ካጣሽ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ።"

ዳታሺት የሚሉትን የቺፗን መግለጫ ይዤ ተቀመጥኩ። ፍርሃቴ ወዲያው ተረሳኝ፤ እንዴት ያለች ጉደኛ ናት! ጥፍር አታክልም። ባህሪዋን የሚወስነው ኮንትሮል ሬጂስተር የሚባል ቦታ ነው፤ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ የተደረደረበት ሰሌዳ አድርጋችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ። አንደኛው ኃይል ሲቋረጥ በትንሿ ባትሪ መቁጠሯን ትቀጥል እንደሆነ ይወስናል፤ ዜሮ ቀጥዪ፣ አንድ ቁሚ ማለት ነው። ተገላቢጦሽነቱ አሳቀኝ። ሌላኛው የመቀስቀሻውን ደወል ይፈቅዳል። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ኪማኒ ሁሉንም በትክክል አስተካክሏቸዋል።

ገጹን ገለጥኩ። ቀጥሎ ያለው ሬጂስተር ውስጥ ፍላግ የሚሉት ነገር አለ፣ ባንዲራ ማለት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ቺፗ ባንዲራዋን ትሰቅላለች፤ ፓምፑም ይነሳል። የሰቀለችውን ግን ራሷ አታወርድም። ፕሮግራሙ ካላወረደላት፣ ነገ ሰዓቱ ቢደርስም አዲስ ምልክት የላትም፤ ባንዲራው ከትናንት ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው። የኪማኒ ፕሮግራም ደግሞ ባንዲራውን የሚያወርደው ኃይል ሲያገኝ፣ ገና ሲነሳ ብቻ ነበር። ለዚህ ነዋ ገመዱ ሲነቀል የሚድነው!

ፕሮግራሙ ደወሉን በሰማ ቁጥር ባንዲራውን እንዲያወርድ አንድ መስመር ጨመርኩ። በየደቂቃው እንድትቀሰቅስ አድርጌ በፓምፑ ፋንታ አምፖል አገናኘሁ። አምፖሉ በራ። አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፣ ደግሞ በራ። ኪማኒ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፣ "ልብስሽን ያዢ፤ ነገ ሰሜን ትሄጃለሽ" አለ።

ጉድጓዱ ጋ ደርሼ ፕሮግራሙን ቀየርኩት። የመጀመሪያው ጠዋት ማንንም አልገረመም። በማግሥቱ ግን ሰውም ከብትም ቆሞ ይጠብቃል። ፓምፑ ሲያጓራ አባ ጂሎ ወደ ሳጥኑ ሄደው የተቆለፈውን ጓጉንቸር ነካ ነካ አደረጉት።

"ማንም አልከፈተውም?"

"ማንም አባባ።"

ውኃው ገንዳውን ሲመታ ላሞቹ ተጋፍተው ሊጥሉኝ ነበር። አባ ጂሎ ወተት አስቀድተው ሰጡኝ፤ ጭስ ጭስ የሚለው ወተት፣ የኛው ወተት። ቆሜ ጠጣሁት።

ወደ ናይሮቢ የምመለስበትን መኪና በኬንያው በኩል ባለው ሞያሌ ስጠብቅ ለእናቴ ደወልኩ። ከማዶ የኛ ባጃጆች ሲመላለሱ ይታዩኛል፤ ሹፌሮቹ በአማርኛ ሲሰዳደቡ እንኳ ይሰማኛል።

"ሞያሌ?" ጮኸች። "ሞያሌማ እዚሁ አይደል! አባትሽ ወደራ ገበያ ሊሄድ ነበር፣ አስቀረዋለሁ። ነገ መኪና ይዘሽ ነይ።"

"እማ፣ የስደተኛ ወረቀት ነው ያለኝ። አንዴ ከተሻገርኩ መመለሻ የለኝም። ስሜም ከሚታሰሩት ዝርዝር ውስጥ ገና እንዳለ ይሆናል። ወረቀቱ አይፈቅድም።"



"ታዲያ ወረቀቱንም ይዘሽው ነያ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማዶ ያለውን መንገድ አያለሁ።

"ሀሊማ፣ አለሽ?" ትላለች።

"አለሁ እማ።"

"አለሽ?"

"አለሁ።"