ከጋሽ ማሞ የሕይወት ታሪክ ያስቀረሁት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልንገራችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

ጋሽ ማሞ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በመጠጥ ቤት ታፔላ ጽሑፋቸው ነው። በወጣትነታቸው ግን ለአንድ መጽሔት የጀብዱ ታሪክ በሥዕል ይሠሩ ነበር፤ በአሰብ መንገድ ጭነት የሚያመላልስ፣ ሽፍታና በረሃ የማይበግረው ሾፌር ታሪክ። መጽሔቱ ተዘጋ፤ ሥዕሎቹም አልጋቸው ሥር ካርቶን ውስጥ ቀሩ። አቤት እነዚያ ሥዕሎች! መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ሲለው የእኔ እግር ወለሉን ይረግጥ ነበር። መሣል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ማሂዬ፣ አቧራ አይሣልም። ዙሪያውን ሣይና ለሱ ቦታ ልቀቂለት» ይሉኝ ነበር።

ስታዲየም አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ቤት ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ከሥዕሎቻቸው አንዱን ሰጡኝ፤ «ከማን እንደተማርሽ ይዩ» ብለው። አለቃው ከእኔዎቹ መሀል ሾፌሩን መዝዞ አወጣ። ጥጉ ላይ ያለው ፊርማ አንድ ፊደል ብቻ ነው፦ «ማ»።

«ማህሌት፣ ይሄ ያንቺ ነው?»

ምን አልኩ? አዎ አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ተቀጠርኩ። ሾፌሩም በፍሬም ሆኖ ከአለቃዬ ወንበር ጀርባ ተሰቀለ። አንድ ቀን ጋሽ ማሞ የረሳሁትን ቁልፍ ሊያቀብሉኝ ቢሮ ድረስ መጡ። አለቃዬ ደስ ብሎት «ጋሼ፣ የልጅዎን ሥራ አዩት?» አላቸው። ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ «እጇ ይባረክ» ብለው ወጡ።

በቃ፤ ይኸው ነው። አንድም ቀን አላነሱብኝም። መስመሬን ማረማቸውንም አልተዉም። የምበላው እንጀራ የሳቸው ነው፤ እጄም የሳቸው ነው። ስማቸውን ለመመለስ ከዚህ በላይ ምን ጠበቅሁ?

ሲሞቱ የእድሩ ሰዎች «እንደ ልጃቸው ነሽ፣ የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ስለ ሾፌሩ ሙሉ አንቀጽ ነበረው፤ እውነቴን ነው፣ ነበረው። የቀብሩ ዕለት ግን አለቃዬ ሠራተኛውን ሁሉ አስከትሎ ሊያጽናናኝ ሲመጣ አየሁና አንቀጹን ሰረዝኩት። በሬሳቸው ፊት የተነበበው «በታፔላ ጽሑፍ ሙያ ሲተዳደሩ ኖረው» የሚል ነው። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው «እንዲህ ነው ልጅ» አለኝ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? እንጀራ ነው ልበል? አልልም። በሕይወታቸው ስሰርቃቸው ይቅር አሉኝ፤ ለዚያች አንዲት ቃላቸው ዛሬም አመስግኜ አልጠግብም። መቃብራቸው አፋፍ ላይ የሰረቅኳቸውን ግን ማን ይቅር ይበለኝ?

ጋሽ ማሞ፣ የአሰቡን ሾፌር የሣሉት እርስዎ ነዎት። ይህን መናገር የነበረብኝ ያን ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲሰማ።